ፋብሪካው ሲቀዘቅዝ የቤት ዋጋ ለምን አልቀዘቀዘም? የሐዋሳ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ ከሐይቋ ቀጥሎ በሰፊው የታወቀችው በኢንዱስትሪ ፓርኳ ነው። ፓርኩ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 52 የማምረቻ ሼዶች ነበሩት፤ በሙሉ አቅሙ ሲሠራም ለ60,000 ያህል ሰዎች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተነግሮለት ነበር። ያ ቁጥር አልተደረሰበትም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ፓርኩ በተመረቀበት ወቅት የነበረው ግለት ቀንሷል። በከተማዋ ያለው የመኖሪያ ቤት ዋጋ ግን በብር ሲቆጠር ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ይህ ለብዙ ነዋሪ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ሥራ ሲቀንስ ገቢ ይቀንሳል፤ ገቢ ሲቀንስ ደግሞ ቤት መርከስ አልነበረበትምን? ጥያቄው የከተሜው ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ሠራተኛ የመጣችው ከገጠር ነው፤ ቤቱ የሚሠራበት መሬት ትናንት የእንሰት ጓሮ ወይም የበቆሎ ማሳ ነበር፤ የግድግዳው ማገርና ምሰሶም ከገበሬው የባሕር ዛፍ ደን ተቆርጦ የመጣ ነው። የሐዋሳን የቤት ጉዳይ የገጠር ጉዳዮች ዘጋቢ ቢጽፈው እንግዳ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ኢንዱስትሪው ምን እንደደረሰበት እናስታውስ። ፓርኩ የተተከለው በዋናነት አልባሳትን ሰፍቶ ወደ ውጭ ለመላክ ነው። ትልቁ ማባበያ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገቡበት አጎዋ የተባለው የንግድ ዕድል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል እንደሚያስወጣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አስታወቀ። ውሳኔው ከፈረንጆቹ 2022 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። በፓርኩ ውስጥ በስም ትልቅ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ያሳወቀው ከዚያ ውሳኔ በኋላ ሳምንታት ሳይቆይ ነው። ሌሎች ቀሩ፤ ሌሎች ሥራቸውን ቀነሱ። ፓርኩ ዛሬም ክፍት ነው፤ ሠራተኛም ይገባል ይወጣል። ስለዚህ “ኢንዱስትሪው ሞቷል” ማለት ስሕተት ይሆናል። የተለወጠው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የነበረው ስሌት ነው።

ከዚያ ስሌት ዋነኛው የኪራይ ቤት ነበር።

ወደ ፓርኩ የገቡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል ያወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም ታላላቅ የልብስ አምራች አገሮች ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ አመልክቷል። በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢጠቅስም ወለሉ ራሱ ሳይወሰን ቆይቷል።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የቤት ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን በብዙ አገሮች የሚሠራበትን መለኪያ እንውሰድ። ከ750 ብር ላይ 30 በመቶው 225 ብር ነው። ለስሌት ያህል አንዲት ጠባብ ክፍል 900 ብር ትከራያለች እንበል። አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ልትከፍለው ከቶ አትችልም፤ ደመወዟ ራሱ ከኪራዩ ያንሳል። ለአራት ሲካፈሉት ግን እያንዳንዷ 225 ብር ይደርሳታል። አራት ልጃገረዶች በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በፈረቃ በአንድ ፍራሽ ላይ ሲያድሩ የሚታየው ሒሳቡ ሌላ መንገድ ስለማይተውላቸው ነው።

የከተማዋ ነዋሪም ይህን ፍላጎት አይቶ ከዋናው ቤቱ ጀርባ ሰርቪስ ክፍሎችን ደረደረ። ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፤ መጸዳጃ ቤቱና የውሃ ቧንቧው የጋራ። ለዚህ ሲባል እቁብ የተበላበት፣ ከዘመድ የተበደረ፣ ከብት የተሸጠበት ግቢ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ክፍል የፋብሪካ ሥራ ሲቀንስ ወዲያው ይጎዳል። ተከራይዋ ሥራ ስታጣ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች፤ ክፍሉ ባዶ ይቀራል፤ ወይም አራት የነበሩት ሁለት ይሆኑና ኪራዩ ይከብዳቸዋል። ኪራይ የሚከፈለው ከዚህ ወር ደመወዝ ነውና ደመወዝ ሲነካ እርሱም ይነካል።

ቤት የሚገዛው ግን ከደመወዝ በተረፈ ገንዘብ አይደለም። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቤት እንደ ቁጠባ ደብተር

ለብዙ ዓመታት ባንኮች ለቆጣቢዎች የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ወራትን አሳልፏል። 100,000 ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107,000 ብር ያገኛል። ይሁንና በዓመቱ መጀመሪያ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ አሁን 130,000 ብር ሆኗል። ሰውየው ገንዘቡ ጨመረ እያለ 23,000 ብር የሚያህል የመግዛት አቅም አጥቷል ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሁሉ ገንዘቡን ይዞ ወደማይሟሟ ነገር ይሮጣል። ወርቅ የሚገዛ አለ፤ መኪና የሚገዛ አለ፤ ብዙው ግን ቤትና ቦታ ይገዛል። ገዢው በቤቱ ለመኖር ላይፈልግ ይችላል። ተከራይ ባይገኝለትም ብዙ አያስጨንቀውም፤ የፈለገው ገንዘቡ እንዳይቀልጥ ብቻ ነውና። የፋብሪካ ሠራተኛዋና ይህ ገዢ አንድ ከተማ ውስጥ ቢሆኑም በአንድ ገበያ ውስጥ አይደሉም።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ በቤት ዋጋ ላይ በሁለት በኩል ይሠራል። በአንድ በኩል ከውጭ የሚገባው የግንባታና የማጠናቀቂያ ዕቃ ይወደዳል፤ አዲስ ቤት መሥራት ሲወደድ ደግሞ የተሠራውም ቤት ባለቤት ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል በውጭ አገር የሚሠራ ወገን የሚልከው ያው 1,000 ዶላር በፊት 57,000 ብር ያወጣ የነበረው አሁን ከ100,000 ብር በላይ ይሆንለታል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች፣ በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኛነት የደከሙ እኅቶች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለዘመድ በሚልኩት ገንዘብ ቤት ማሠራት የቆየ ልማድ ነው። በብር ደመወዝ የሚኖር መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ከእነርሱ ጋር በአንድ ጨረታ ተወዳድሮ የሚያሸንፍበት መንገድ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የባንክ ብድርስ? በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የረዥም ጊዜ ብድር የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ጎህ ቤቶች ባንክ በዚህ ዘርፍ ላይ አተኩሮ በ2014 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ መልካም ዜና ቢሆንም፣ ብድር መልሶ ለመክፈል የሚያስችል ገቢ የሌለውን ሰው ባንክ መኖሩ ብቻ አይታደገውም።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በሕግ ደረጃ ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት አይሸጥም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 የዛሬውን መልክ ይዟል። በዚህ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

እንግዲህ ሐይቅ ዳር ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ሲሸጥ በውሉ ላይ የሚጻፈው ቤቱ ነው። ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ያን ያህል ዋጋ እንደሌለው ሻጩም ገዢውም ደላላውም ያውቃሉ። የተገዛው ቦታው ነው፤ ለሐይቁ ያለው ቅርበት፣ ለአስፋልቱ ያለው ፊት፣ ነገ ሆቴል ወይም ሕንፃ ሊያርፍበት የሚችልበት ዕድል። ብዙዎች “የቤት ዋጋ” የሚሉት ነገር በአመዛኙ የአቀማመጥ ዋጋ ነው። ፋብሪካ ቢዘጋ ሐይቁ ከስፍራው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይህ ዋጋ ከፋብሪካው ጋር የሚወርድበት ምክንያት ጥቂት ነው።

የሊዝ አዋጁ ሌላም ነገር ያስከተለ ይመስለኛል። ቦታ በሊዝ ወስዶ ግንባታውን ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ ለሌላ ማስተላለፍ ለሚፈልግ ሰው ሕጉ እምብዛም ትርፍ አይተውለትም፤ ከቦታው የዋጋ ጭማሪ የሚደርሰው 5 በመቶ ብቻ ነው። የሕጉ ዓላማ ባዶ ቦታ ይዞ የሚነግደውን ለመግታት ነበር፤ ጥሩ ዓላማ ነው። ነገር ግን ብልጡ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ግማሽ እስኪሆን ድረስ ይገነባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ቦታ ሳይሆን “ጅምር ቤት” ነው። በከተሞቻችን ዳርቻ መስኮትና በር የሌላቸው፣ ውስጣቸው ሣር የበቀለባቸው ጅምሮች እንዲህ የበዙት ሁሉም ባለቤቶቻቸው ገንዘብ አጥሯቸው ነው ብዬ አላምንም።

ሐይቅ ዳር መኖር የሚባለው ነገር ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሐዋሳ ሐይቅ ዋናው ገባር ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው የሚቀንሰው በትነት ወይም ወደ ምድር በመስረግ ብቻ ነው። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት፣ በዙሪያው ያለው ኮረብታ በተራቆተ መጠንም፣ ደለልና ጎርፍ እየገባ የሐይቁ ከፍታ ወደ ላይ ይላል። በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የጨለለቃ ረግረግ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር፤ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበው ቀላል ነው፤ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ያለው ገበሬ እርከን ሠራ አልሠራ ታች ያለውን የሐይቅ ዳር ቤት ይመለከታል። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚበላ እንግዳ የሐይቁን ውበት ያያል፤ ቦታ የሚገዛ ሰው ግን የውሃውን የቀድሞ ጠርዝ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ከኢንዱስትሪው ሌላ ከተማዋን የነካት ለውጥም አለ። ሐዋሳ ለብዙ ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ቀሪው የደቡብ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ለሁለት ተከፍሎ የክልል ቢሮዎች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በዚህ ምክንያት ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከሐዋሳ ለቋል። አብዛኛው ግን በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ የሠራውን ቤት ትቶ ነው የሄደው እንጂ ሸጦ አይደለም። ባል ሶዶ ይሠራል፤ ሚስትና ልጆች ሐዋሳ ይኖራሉ፤ ዓርብ ማታ መነኸሪያው ይጨናነቃል። ቤት ወደ ገበያ በብዛት ካልወጣ ደግሞ ዋጋው አይወርድም።

ገበሬው በዚህ ሁሉ መካከል

ከተማዋ ከስምንት ክፍለ ከተሞች የተዋቀረች ናት። ከእነዚህ መካከል ሐዌላ ቱላ ገጠርና ከተማ የተቀላቀሉበት ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ብሎኬት ይመታል፤ አጥሩን ተሻግሮ እንሰት ይፋቃል። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነካው እንዲህ ያለው ሰፈር ነው፤ የቤት ዋጋ መጨመርም ገበሬውን የሚደርሰው በካሳ መልክ ነው።

ቀድሞ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የሚሰጠውን የማፈናቀያ ካሳ ያሰላ የነበረው፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር በማባዛት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሻለው፤ አሁን የሚወሰደው ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ሲሆን የሚባዛውም በ15 ነው። በማሳው ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ተክሉ የሚከፈለው ለብቻው ይታያል። አዋጁ ባለይዞታው አቅም ካለው በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንደሚሰጠውም ይናገራል፤ ይህ አንቀጽ ግን በገበሬው ዘንድ እምብዛም አይታወቅም።

አንድ ገበሬ ከጓሮው በዓመት 40,000 ብር የሚገመት ገቢ ነበረው እንበል። በ15 ሲባዛ 600,000 ብር ይሆናል። ከእጅ ወደ አፍ ሲኖር ለቆየ ቤተሰብ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጠው እንኳ በዓመት 42,000 ብር ይወልድለታል፤ ከቀድሞ ገቢው ይበልጣል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ጉዳት የለበትም። ችግሩ ግሽበቱን ሲጨምሩበት ነው። ዋጋ በ30 በመቶ በሚጨምርበት ዓመት ያ 42,000 ብር የሚገዛው ቀድሞ 32,300 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከዚያ ያንሳል። እንሰቱ ቢኖር ግን ገበያ ላይ ቆጮ ሲወደድ የገበሬው ገቢም አብሮ ይወደድ ነበር። ገንዘቡ ቆሞ ሲቀር ተክሉ ከዋጋው ጋር ይራመዳል።

የእንሰት ነገር ከዚህም የረቀቀ ነው። እንሰት ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ ደጋ ወይም ወይና ደጋነቱ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በአንድ ጓሮ ውስጥ የአንድ ዓመቱም የስድስት ዓመቱም ተክል ጎን ለጎን ይቆማል፤ ቤተሰቡ የሚፍቀው የደረሰውን እየመረጠ ነው። ሲዳማዎች ዋሳ የሚሉት ቆጮው ይበላል፣ ቡላው ይሸጣል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ለከብት መኖና ለመጠቅለያ ይውላል፤ በድርቅ ዓመትም ጓሮው እንደ ጎተራ ያገለግላል። ታዲያ የዚህ ጓሮ “ዓመታዊ ገቢ” ስንት ነው? ገማቹ የተሸጠውን ብቻ ከቆጠረ የተበላውን ረሳው ማለት ነው። የተበላውን ከቆጠረም፣ ለክፉ ቀን የቆመውን በምን ሚዛን ይመዝነዋል? የ15 ብዜቱ ለጋስ ሆኖ ሳለ የሚባዛው ቁጥር ከተሳሳተ ውጤቱም ይሳሳታል። በግምት ወቅት ገበሬው ራሱ፣ በተለይም ጓሮውን የምታስተዳድረው ሚስቱ፣ ተገኝተው ተክሉን በዕድሜው እየለዩ ማስመዝገብ የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ካሳውን የተቀበለው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ምን ያደርጋል? በተሰጠው ምትክ ቦታ ላይ ቤት ይሠራል፤ ከጀርባው ሰርቪስ ክፍሎች ይጨምራል፤ አከራይ ይሆናል። ተከራዮቹ እነማን ይሆናሉ ተብሎ ታስቦ ነበር? የፋብሪካ ሠራተኞች። የ2014ቱ ውሳኔ ከዋሺንግተን ተነሥቶ ሐዌላ ቱላ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ደግሞ ካሳውን አይጠብቅም። የከተማው ፕላን ወደ ማሳው እየቀረበ መሆኑን ሲሰማ፣ ወይም ደላላ ሲያሰማው፣ ቀድሞ ቆራርሶ ይሸጣል። መሬት መሸጥ ስለማይቻል ወረቀቱ “ብድር” ወይም “ስጦታ” የሚል ስም ይወጣለታል። ገዢው በሊዝ ጨረታ ዋጋ የተገፋ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ቤት ይሠራል፤ “የጨረቃ ቤት” የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በእጁ ያለው ወረቀት በሕግ ፊት አይቆምም፤ ግብረ ኃይል ሲመጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሻጩም ካሳ የሚጠየቅበት ማሳ አይኖረውም። ይህን ገበያ ስግብግብነት ብቻ የወለደው አድርጎ ማየት ቀላል ነው። እኔ ግን የማየው ሕጋዊው በር ለሁለቱም ጠባብ መሆኑን ነው፤ ለገበሬው የካሳው ግምት፣ ለገዢው የጨረታው ዋጋ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ነበር። መርሐ ግብሩ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቶ ነበር፤ በክልሎች ግን እንደ መዲናዋ አልቀጠለም።

የቀረው ኪራዩን በሕግ መያዝ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጽድቋል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲሆን ይፈለጋል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው።

ሕጉ የተጻፈው አንድ አከራይና አንድ ተከራይ በሚል ሐሳብ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ ልጃገረዶች ውሉን በማን ስም ይፈርማሉ? አንዷ በሦስተኛው ወር ሥራ ትታ ወደ አለታ ወንዶ ወይም ወደ ቦዲቲ ብትመለስ የእርሷ ድርሻ በማን ላይ ይወድቃል? የፈረመችው ራሷ የሄደችው ብትሆንስ? የሁለት ዓመቱ ውል ለቀሩት ሦስቱ ጥበቃ የሚሆናቸው ስማቸው በውሉ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክፍል በጋራ የሚይዙ ተከራዮች አራቱም በውሉ ላይ እንዲጻፉ መጠየቅ፣ የኪራዩንም ደረሰኝ በየስማቸው መያዝ ይኖርባቸዋል።